ሽኮኮዋና የሦስቱ አገር ሸንጎ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ተረት ልነግራችሁ ነው። ከኋላ ያላችሁት ካልሰማችሁኝ ጥፋቱ የራሳችሁ ነው፤ እኔ ድምፄን ከፍ የማደርገው ለከብት ብቻ ነው። በመሀል ደግሞ "እውነት ነው ወይ?" የሚል ካለ ከአሁኑ ይነሣ። ተረት ነው ብያለሁ። እውነት የሚመስል ነገር ካገኛችሁበት እናንተው ናችሁ ይዛችሁት የመጣችሁት።

ያኔ ነው አሉ፣ እንስሳው ከእንስሳ፣ እንጨቱ ከድንጋይ ጋር ቁጭ ብሎ በሚያወጋበት ዘመን፣ አሰገደች የምትባል አንዲት ሽኮኮ ነበረች። ቤቷ ገደል ላይ ነበር። ገደል ስላችሁ አትዘኑላት፤ ለሽኮኮ ከገደል የሚበልጥ ቤት የለም። አንድ ትልቅ ቋጥኝ፣ ከቋጥኙ ሥር ሰፊ ስንጥቅ፣ ስንጥቁ ውስጥ ደረቅ መኝታ። ሌላ ምን ትፈልጋለች? ባሏን ንስር ወስዶባት ሦስት ልጆች ቀርተውላታል፤ ጥጋቡ፣ ውዴ፣ ደግሞ ከአባቱ ሞት በኋላ የተወለደው ትንሹ ማስረሻ። ሐዘኗን ስላስረሳት ነው ስሙን ማስረሻ ያለችው። ልጁ ሳል ነበረበት። ብርድ ሲነካው ደረቱ ይንኳኳል። "እርጥበት ብቻ አይንካው እንጂ ሌላው ቀላል ነው" ትል ነበር አሰገደች።

ታዲያ አንድ መጋቢት፣ በበልጉ ዝናብ፣ መሬቱ ራሰ፣ ራሰና ገደሉ ተናደ። ቋጥኙ ከነስንጥቁ እየተንከባለለ ቆላ ወረደ። አሰገደችና ልጆቿ ሣር ሊበሉ ሜዳ ወጥተው ስለነበር ተረፉ። ቤት ግን የለም። እሷ ብቻም አይደለችም፤ የፍልፈል ጉድጓድ ተደፈነ፣ የጥንቸል ጎሬ ተደረመሰ፣ የቆቅ ቁጥቋጦ ከነሥሩ ተነቅሎ ሄደ። ሁሉም ሜዳ ላይ ቀረ።

አሰገደች በጣቷ ቆጠረች። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት። ከዚያ ሰኔ ነው፤ ከሰኔ ወዲያ ክረምት ነው።

"ሦስት ወር አለኝ" አለች። "በሦስት ወር ውስጥ ለማስረሻ ጣራ ካላገኘሁ..." ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ተወችው።

መጀመሪያ ያሰበችው ደቦ ነው። በዚያ አገር ወግ፣ ቤት የሚሠራ ጎረቤቱን ይጠራል፤ ጎረቤቱ ተጠራርቶ መጥቶ፣ ተጋግዞ ጎጆውን አቁሞለት ይሄዳል። እሷም ለቆቅ "ነገ ደቦ ልጠራ ነው" አለቻት።

"ከየት ሆነሽ?" አለች ቆቅ።

"እንዴት ከየት?"

"ደቦ የሚጠራ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነዋ የሚጠራው! ወጉ እንደሱ ነው። ሜዳ ላይ ቆመሽ ብትጣሪ ማን ይመጣልሻል? የጠፋ ከብት የምትፈልጊ ነው የሚመስላቸው።"

"አይ ቆቅ! ደጃፍ ያጣሁት እኮ ቤት ስለሌለኝ ነው።"

"እንግዲያ መጀመሪያ ቤቱን ሥሪና ከዚያ ትጠሪያለሽ" አለች ቆቅ። እሷም ራሷ ሜዳ ላይ መሆኗን ዘንግታው ነው። ምክር ሲሰጡ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ያ ገደል የሦስት አገር ነበር። አናቱ የደጋ፣ ወገቡ የወይና ደጋ፣ እግሩ የቆላ። ሦስቱም አገሮች ለችግር ቀን ብለው ያስቀመጡት ነገር አላቸው። ደጋ የጓሳ ሣር ክምር አለው፤ ሹሙ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ወይና ደጋ የምሰሶና የማገር እንጨት አለው፤ ሹሙ ጉሬዛ ነው። ቆላ ደግሞ ልጥ አለው፣ ከዛፍ የሚላጥ የቤት ማሰሪያ፤ ሹሙ ከርከሮ ነው። አሰገደች ልጆቿን አስከትላ ወደ ሦስቱም ሄደች።

መጀመሪያ ወደ ደጋ ወጣች። ጭላዳው ፀሐይ እየሞቀ ነበር።

"ጌታዬ፣ ቤቴ ተንዶብኛል። ለክዳን የሚሆን ሣር ይስጡኝ።"

"ቤትሽ ከገደሉ በየት በኩል ነበር?"

"ከወገቡ ላይ።"

"አዪዪ!" አለ ጭላዳው፤ በእውነት ያዘነ ይመስላል። "ወገቡ የወይና ደጋ ነው። ትንሽ ከፍ ብለሽ ብትኖሪ ኖሮ ምን ነበረበት? የእኔ ሣር ለደጋ ልጆች ነው።"

ይሄኔ የጓሳው ክምር ከኋላው ተናገረ። "ጌታዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ተከምሬ ከሥሬ እየበሰበስኩ ነው። ምናለ ብሄድላት?"

"ዝም በል! አንተ ለችግር ቀን ነህ።"

"ይሄ ችግር አይደለም?"

"ነው" አለ ጭላዳው። "ግን የእኛ አይደለም።"

አሰገደች ወደ ወይና ደጋ ወረደች። ጉሬዛው ነጭ ካባውን እያበጠረ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ጌታዬ፣ ቤቴ በእርስዎ አገር ነበር። ምሰሶና ማገር ይስጡኝ።"

"ነበር!" አለ ጉሬዛው፤ ቃሉ ጣፈጠው። "ነበር ነው ያልሽው። አሁንስ? ቋጥኝሽ አሁን የት ነው ያለው?"

"ተንከባሎ ቆላ ወርዷል።"

"በቃ፣ ቤትሽ ቆላ ነው። አንቺ ቤቱን ትተሽ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ተከተዪው እንጂ።"

ከተጋደሙት እንጨቶች አንዱ ምሰሶ አቃሰተ። "ጌታዬ፣ እኔን ምስጥ እየበላኝ ነው። እንዲሁ ከማልቅ ቤት ልሁንላት።"

"ምስጡ የኛው አገር ልጅ ነው" አለ ጉሬዛው። "ይብላ።"

አሰገደች እግሯ እስኪዝል ወደ ቆላ ወረደች። ማስረሻን በጀርባዋ አዝላዋለች። እዚያ ስትደርስ ያን ቤቷ የነበረውን ቋጥኝ በጎኑ ተጋድሞ አገኘችው፤ ስንጥቁ ወደ መሬት ተደፍቷል።

"ወድጄ አይደለም አሰገደች" አለ ቋጥኙ። "መሬቱ ነው የከዳኝ። ልጆቹ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው" አለች። "ማስረሻ ያስላል እንጂ ደህና ናቸው።"

ከርከሮው እየሮጠ መጣ። ገና "ጌታዬ" ብላ ሳትጨርስ "እንኳን መጣሽ!" አላት። "የዚህን ድንጋይ ባለቤት ሳፈላልግ ነው የከረምኩት። እይ፣ እይ የት እንደወደቀ! የምንከባለልበት ጭቃ ላይ! ከሁሉም ጭቃ እሱን የመሰለ አልነበረኝም። መቼ ነው የምታነሺው?"

"እኔ?"

"ቤትሽ አይደለም እንዴ?"

ልጡ ከተጠመጠመበት እንጨት ላይ ሆኖ "እኔም እዚህ ደርቄ እየተሰባበርኩ ነው" ሊል አፉን ከፈተ። ማንም ግን አልጠየቀውም። አሰገደች ልጆቿን ሰብስባ፣ ቤት ልትጠይቅ ሄዳ ጭቃ ተጠይቃ ተመለሰች።

አሁን ሹሞቹ ክፉዎች እንዳይመስሏችሁ። ክፉስ ቢሆኑ በተገላገልን፤ በክፉ ላይ ተማምሎ መነሣት ይቻላል። እነዚህ ግን ደጎች ነበሩ። ሜዳ ላይ የቀረው ሁሉ እየተመላለሰ ሲያለቅስባቸው አላስችል አላቸውና ሦስቱ ገደሉ ሥር ተገናኙ። ተነጋገሩም፤ የተነጋገሩት ነገር ደግሞ፣ ልዋሻችሁ አልችልም፣ ትክክል ነበር።

"የእኔ ሣር ያለ እንጨት ቤት አይሆንም" አለ ጭላዳው።

"የእኔ እንጨት ያለ ልጥ አይቆምም" አለ ጉሬዛው።

"የእኔ ልጥ ያለ እናንተ የሚያስረው የለውም" አለ ከርከሮው። "አንድ ላይ እናድርገው! የማን አገር ነህ፣ የማን አገር ነሽ ይቅር። አንድ ሸንጎ፣ አንድ ጎተራ፣ አንድ አሠራር!"

ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። ከሁሉም አብልጣ እልል ያለችው አሰገደች ነበረች። "አያችሁ ልጆቼ፣ ማስተዋል ሲመጣ እንዲህ ነው" አለቻቸው። ገና ሚያዝያ መግቢያ ነበር፤ ሁለት ወር አላት።

ለሸንጎው ሰብሳቢ ተፈለገ። "ስለ ቤት ጠንቅቆ የሚያውቅ ይሁን" ተባለ። ማን ያውቃል? ኤሊ! ዕድሜዋን በሙሉ ከቤቷ ወጥታ አታውቅም። እመት ኤሊ በአንድ ድምፅ ተመረጠች። ለጸሐፊነት ደግሞ ጃርት ተሾመ፤ ብዕር ከጀርባው እየነቀለ ይጽፋልና ወጪ የለበትም።

የመጀመሪያው ስብሰባ በሾላ ዛፍ ሥር ተደረገ። እመት ኤሊ አንገቷን አስግጋ እንዲህ አለች። "ልጆቼ፣ ሣሩ ከደጋ፣ እንጨቱ ከወይና ደጋ፣ ልጡ ከቆላ እየመጣ ነው። ዝናብ ቢመታውስ? ደግሞስ እኛ ራሳችን ፀሐይ እያቃጠለን ስለ ቤት እንዴት እናስባለን? ቤት የሌላቸውን ለመርዳት መጀመሪያ ቤት ያስፈልጋል።"

"ይጻፍ!" አለ ጭላዳው። ጃርትም አንድ እሾህ ነቅሎ ጻፈ።

አዳራሽ መሥራት ተጀመረ። ሠራተኞቹ እነማን እንደሆኑ ልንገራችሁ? ሜዳ ላይ ያሉት ናቸዋ፤ ሌላማ ቤት ስላለው ሥራ አለበት። ፍልፈል ጉድጓድ ቆፈረ፣ ጥንቸል ጭቃ ረገጠች፣ ቆቅ ሣር አቀበለች፣ አሰገደች ማገር ላይ ወጥታ ልጥ አጠበቀች። ሥራው ቶሎ ባለቀ ነበር፤ ዳሩ ግን የአዳራሹ በር ወደ ማን አገር ይዙር የሚለው ክርክር ሚያዝያን በልቶ ጨረሰው። ጭላዳው ወደ ደጋ አለ፤ ጉሬዛው ወደ ወይና ደጋ አለ፤ ከርከሮው ወደ ቆላ ካልዞረ ልጤን ፈትቼ እሄዳለሁ አለ። በመጨረሻ ማንም እንዳይከፋ በሩ ወደ ተናደው ገደል ዞረ። አዳራሹ ሰፊ ነበር፣ ረጅም ነበር፣ ጠብታ አያስገባም። አሰገደች ከጣራው ወርዳ ስታየው ኮራች።

"አሁን ምን ያህል ሣር ቀረ?" ብላ ጠየቀች።

ጃርት ገለጠ፣ ገለጠ። "ሣር አልቋል።"

"እንጨትስ?"

"አልቋል።"

"ልጥስ?"

"እሱም አልቋል።"

"ታዲያ ምን ቀረ?"

"ስብሰባ" አለ ጃርት።

ሁለተኛው ስብሰባ በግንቦት አዳራሹ ውስጥ ተደረገ። ደስ የሚል ቅዝቃዜ ነበረው። "ተጨማሪ ሣር፣ እንጨትና ልጥ ከሦስቱ አገር ለመጠየቅ" አለች እመት ኤሊ፣ "ቤት የሌለው ማን እንደሆነ ማወቅ አለብን። ሁሉም ይመዝገብ። ተራው የደረሰውን መልእክተኛችን ቁራ ይጠራዋል። ደጃፉ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ይጣራል፤ ካልተገኘ ተራው ያልፋል። እንግዲህ እያንዳንዱ ስሙንና ደጃፉን ያስመዝግብ።"

አሰገደች ከሁሉም በፊት ተሰልፋ ነበር።

"ስም?" አለ ጃርት።

"አሰገደች።"

"ደጃፍ?"

"የለኝም።"

ጃርት ብዕሩን አንሥቶ አያት። "ያለ ደጃፍ አይመዘገብም።"

"ጋሽ ጃርት፣ ደጃፍ ቢኖረኝ እዚህ ምን አመጣኝ?"

"እውነትሽን ነው" አለ ጃርት። ልቡ ጥሩ ነው። "ልክ ነሽ። ግን ቁራው የት ሄዶ ይጥራሽ?"

"ይኸው አጠገባችሁ ነኝ! ከዚህ ሆናችሁ ብትጠሩኝ እሰማለሁ።"

ጉዳዩ ወደ እመት ኤሊ ቀረበ። እመት ኤሊ ረጅም ጊዜ አሰበች። ደጃፍ የሌለው ፍጥረት ምን እንደሚመስል ልታስበው ሞከረች፤ አልመጣላትም። "ሁሉም ሰው አንድ የሚወጣበትና የሚገባበት ነገር አያጣም" አለች በለሆሳስ። "ፈልጊ ልጄ። በደንብ ከፈለግሽ ታገኚያለሽ።"

በዚያ ቀን ማን ተመዘገበ? ማንም። ማታ ላይ ቁራው መዝገቡን አይቶ "ሥራ የለም" ብሎ ወደ ጎጆው በረረ።

ሦስተኛው ስብሰባ በሰኔ መባቻ ሆነ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ነፋሱ አፈር አፈር ይሸታል። ጭላዳው ዓይኑ ደጅ ደጁን ያያል፣ ጉሬዛው ካባው እንዳይረጥብ ሰብስቦታል። እመት ኤሊ "ክረምት ስለገባ ሸንጎው እስከ መስከረም ተዘግቷል" አለች።

አሰገደች ማስረሻን አቅፋ መሀል አዳራሹ ገባች። ተንበረከከች። "እመት ኤሊ፣ ይሄ ልጅ ያስላል። ስሙት። እርጥበት ከነካው አይተርፍልኝም። ቤቱ ይቅርብኝ፤ እስከ መስከረም ብቻ እዚህ ጥግ ላይ ያስጠጉኝ። ማንም የለበትም እኮ።"

"የሸንጎ አዳራሽ ውስጥ?" አለ ከርከሮው ደንግጦ። "ለአንቺ ከፈቀድን ቤት የሌለው ሁሉ ሊገባ ነው!"

"እንዴ!" አለ ጉሬዛው። "ከዚያ በኋላ ስለነሱ የት ተቀምጠን እንመክራለን?"

እመት ኤሊ ከቦታዋ ተነሥታ ቀስ ብላ አሰገደች ዘንድ መጣች። ፊቷ ላይ የእናት ርኅራኄ ነበር። "አይዞሽ ልጄ፣ ይሄን ያህል አትጨነቂ። ዝናብ ሲመጣ እኮ ወደ ውስጥ መግባት ነው። እንዲህ" አለችና አንገቷን ወደ ድንጋይ ልብሷ ሰብሰብ አድርጋ አሳየቻት። ከዚያ ብቅ አለች። "አየሽ? ቀላል ነው።"

አሰገደች ማስረሻን እንዳቀፈች ተነሣች። ምን ትበላት? ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። መዝጊያው ተዘጋ።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ በረዶ ወረደ። ሌላ ስም የለውም፤ እንደ እንቁላል እንደ እንቁላል የሚያህል በረዶ ነው። አሰገደች ልጆቿን ከሆዷ ሥር አስገብታ ጀርባዋን ሰጠች። ጥጋቡ በግራ፣ ውዴ በቀኝ፣ ማስረሻ መሀል። ጎርፉ ግን ከላይ አይደለም የመጣው፤ ከሥር መጣ። በረዶው ሲያባራ ጥጋቡና ውዴ ተንቀጠቀጡ። ማስረሻ አልተንቀጠቀጠም። ሳሉም ቆመ።

አሰገደች ብዙ ሰዓት ይዛው ተቀመጠች። "ማስረሻዬ" አለችው። "ማስረሻዬ።" ከዚያ ቋጥኙ ድሮ ከነበረበት ሥፍራ አጠገብ ቀበረችውና ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ቀጥ ብላ ወደ አዳራሹ ሄደች። ፍልፈልም ጥንቸልም ቆቅም፣ ሜዳ ላይ ያለው ሁሉ፣ ፊቷን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ከኋላዋ ተከተለ።

መዝጊያው ሲያያቸው ጮኸ። "ማን ልበል?"

"አሰገደች።"

"ሸንጎው ዝግ ነው። ደጃፍሽ የት ነው?"

"ክፈት።"

"ሦስት ጊዜ መጠየቅ ሥራዬ ነው፤ አትቆጪኝ። ደጃፍሽ የት ነው?"

"ክፈት ብያለሁ።"

"ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅሽ፤ ደጃፍሽ..."

"አንተ ነህ!" አለች አሰገደች። "አንተ ነህ ደጃፌ! ልጥህን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ጭቃህን የረገጠችው እሷ ናት፣ ጉድጓድህን የቆፈረው እሱ ነው። ከእንግዲህ ደጃፌ አንተ ነህ!"

መዝጊያው ትንሽ አሰበ። እሱም እንጨት ነውና ልብ የለውም አትበሉ፤ ወይና ደጋ ተጋድሞ በምስጥ ሲበላ የነበረው ያ ምሰሶ ወንድሙ ነው። "ይሄን መልስ ማንም አልነገረኝም" አለ። "ግን መልስ ነው።" ተከፈተም።

ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ። አዳራሹ ውስጥ ማንም አልረጠበም።

መስከረም ሲጠባ ሸንጎው ተመለሰ። እመት ኤሊ ቀድማ ገባችና ቆመች። ጥግ ጥጉን መኝታ ተነጥፏል፤ የጥንቸል ልጆች በሰብሳቢዋ ወንበር ላይ ይዘላሉ፤ ፍልፈል በመሀል ወለሉ ላይ ጉድጓድ አበጅቷል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ጭላዳው።

"ቤታችን ነው" አለች አሰገደች። አልጮኸችም። ክረምቱን ሙሉ ድምፅዋ እንዲሁ ነበር።

"ይውጡ!" አለ ከርከሮው።

ጃርት ጉሮሮውን ጠራረገ። "ይቅርታ ጌቶቼ። ካወጣናቸው ቤት የሌላቸው ይሆናሉ። ቤት የሌላቸው ከበዙ ደግሞ ሸንጎው ምን ሠራ ሊባል ነው።"

"ካላወጣናቸውስ?"

"ካላወጣናቸው ቤት የሌለው የለም። ሸንጎው ድል አደረገ ማለት ነው።"

ሹሞቹ ተያዩ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ፈካ። ጉሬዛው ካባውን አስተካከለ። "እኔ ከመጀመሪያው ብያለሁ" አለ፤ ምን እንዳለ ግን አልተናገረም።

"ግን አንድ ነገር አለ" አለ ጃርት። "አሁን በአገሩ ላይ ቤት የሌለው አንድ ብቻ ቀርቷል።"

"ማን?"

"እኛ። ሸንጎው።"

ደጅ የመጨረሻው የክረምት ካፊያ ይዘንብ ነበርና የጉሬዛው ካባ ጫፍ ረጥቧል፤ የጭላዳው ፀጉር ተንጨፍሯል። ጭላዳው አንድ ጊዜ አነጠሰ። ያኔ ሁሉም ነገሩ ገባቸው። "ይሄማ አጣዳፊ ነው!" አሉ በአንድ ድምፅ።

በመጀመሪያው ቀን ከደጋ ሣር መጣ። የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። በሁለተኛው ቀን ከወይና ደጋ እንጨት መጣ። ከገደሉ አናት ነው ከወገቡ ያለ የለም። በሦስተኛው ቀን ከቆላ ልጥ መጣ፤ ሦስቱ ሹሞች ራሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ጭቃ ረገጡ። በሩ ወደ የት ይዙር? "ወደ የትም ይዙር፣ ብቻ ቶሎ ይሁን!" አለ ከርከሮው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አዲሱ አዳራሽ ቆመ።

አሰገደች ደጃፏ ላይ ቆማ ሦስቱንም ቀን አየች። ሣሩ ሲወጣ፣ ምሰሶው ሲቆም፣ ልጡ ሲጠብቅ። እመት ኤሊ ደስ ብሏት እያዘገመች መጣች።

"አየሽ ልጄ? ሦስት አገር አንድ ሲሆን እንዲህ ነው! በሦስት ቀን!"

"ሦስት ቀን ነው የፈጀው እመት ኤሊ?"

"ሦስት ቀን ብቻ!"

"ይቻል ኖሯል እንግዲህ" አለች አሰገደች። "ማስረሻ ሦስት ወር ነበር የጠበቃችሁ።"

እመት ኤሊ ግራ ገባት። ወደ ጃርት ዞረች። "ማስረሻ ማነው?"

ጃርት መዝገቡን ገለጠ፣ ገለጠ፣ ገለጠ። "እንዲህ የሚባል የለም" አለ። "አልተመዘገበም።" ከዚያ የዓመቱን ሥራ የሚገልጸውን ጽሑፍ ለመጨረስ አንድ እሾህ ነቀለና ጻፈ፤ ሲጽፍም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር። "በሸንጎው ብርታት ቤት ያጣ ሁሉ ቤት አግኝቷል። ከተመዘገቡትም አንድ እንኳ አልጎደለም።"

አልዋሸም። አንድ ፊደል አልዋሸም። አሰገደች ግን ሰምታ ወደ ውስጥ ገባች፤ መዝጊያውም ማንም ሳይነግረው ቀስ ብሎ ከኋላዋ ተዘጋ።

በቃ፣ የእኔ ይሄው ነው፤ አፌ ደርቋልና የሚጠጣ ያለው ያቅርብልኝ። የተረቱን ፍሬ ካልነገርከን የምትሉ ደግሞ ስሙኝ። "እየመከርንበት ነው፣ ነገሩ ጊዜ ይፈልጋል" የሚላችሁ ሹም ሲያጋጥማችሁ አትቆጡት፣ አትስደቡትም። ለራሱ ሲሆን ስንት ቀን እንደፈጀበት ብቻ ጠይቁት።